ሜንጦ ላይ ስለ ታሰረችው ቢጫ ገመድ

ለክቡር ሙሴ ኤድሞን ቮክላን
የመኪና ወንበር ሐዲድ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ማርች 12 ቀን 1984

ጉዳዩ፡- እንድፈርምበት የሰጡኝን ወረቀት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክብርነትዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይም ዐሥሩ ጣቶችዎ በሙሉ በየቦታቸው መኖራቸውን፣ ጠዋት የሸሚዝዎን ቁልፍ ያለ ሰው እርዳታ መቆለፍዎን፣ ዳቦዎንም በራስዎ እጅ መቁረስዎን ሰምቼ ብደሰት እወዳለሁ። እኔ አገልጋይዎ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

መዝገብ በማስገለጥ እንዳይደክሙ ራሴን ላስተዋውቅ። ዴልፊም ሞቲኞ እባላለሁ፤ ከፖርቱጋል ሰሜናዊ ተራሮች መጥቼ በፋብሪካዎ ጣሪያ ሥር የሚሄዱትን ሰንሰለቶችና መዘውሮች ግራሶ ስቀባ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትምህርቴም አራት ዓመት ነው። መምህራችን በእነዚያ ዓመታት በለበቅ ያስተማሩን ሦስት ነገር ነበር፤ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የወንዞቻችን ስምና ለባለሥልጣን የሚጻፍ ደብዳቤ። ወንዞቹን ረስቻቸዋለሁ። ደብዳቤው ግን፣ የተገረፈ ጀርባ አይረሳምና፣ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ለበላይ የሚጽፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ይጻፍ» ይሉን ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ጎንበስ ያለ ሰው ከጠረጴዛው በታች ያለውን ሁሉ እንደሚያይ ግን መምህራችን አልነገሩንም። ፈረንሳይኛዬን ያረመልኝን ሰው ስም አልጠቅስም፤ እርስዎ ዘንድ «ማነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚወደድ ዐውቃለሁና። ደብዳቤውንም በዋናው በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ያልጨመርሁት በንቀት አይደለም፤ እንዲነበብ ስለ ፈለግሁ ነው። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ሠራተኛው ሁሉ በሚያየው የጥራት ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ሌላውን ለከተማችን ጋዜጣ ልኬያለሁ።

ባለፈው ዓርብ ወደ ቢሮዎ አስጠርተው፣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ተቀብለው፣ ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በፋብሪካዎ ውስጥ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበርና ጉልበቶቼ መታጠፍ እንዳለባቸው እስኪያስታውሱ ጥቂት ዘገዩ። ከፊቴ ያኖሩልኝ ወረቀት አራት መስመር ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን የብረት መጭመቂያ ክፍል ሠራተኛ የሆኑት አቢሊዮ ሴሻስ የእርዳታ መጥሪያውን ገመድ ሳይጎትቱ እጃቸውን ወደ ሰባት ቁጥር ማሽን ማስገባታቸውን፣ እኔም በስምንት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ገመዱን ሲጎትቱ አለማየቴን ይናገራል። ከሥሩ ለስሜ የተተወች መስመር አለች።

አቢሊዮ ሴሻስ በሥጋ አይዛመዱኝም፤ ነገር ግን በእኛ መንደሮች ታላቅ ሰው «አጎት» ተብሎ ይጠራልና እኔም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። የፊታችን ሐሙስ አደጋው በሚመረመርበት ጉባኤ ያ ወረቀት ከነፊርማዬ ከቀረበ ጥፋቱ የአጎት አቢሊዮ ይሆናል። ሃያ አንድ ዓመት የሠሩበትን ሥራ፣ ከባለቤታቸው ከዴኦሊንዳ ጋር የሚኖሩበትን የፋብሪካውን ቤትና ደኅና ስማቸውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጣሉ። ሳይፈረም ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚሆን የክፍላችን አለቃ ሙሴ ግሮዣን በርዎ ላይ ቆመው በአባታዊ ድምፅ አስታውሰውኛል፤ «የመኖሪያ ፈቃድህ ጁን ላይ ያልቃል አይደል? የፋብሪካው ደብዳቤ ከሌለህ ማሳደሱ ይከብድሃል። እንደው ስላዘንኩልህ ነው የምነግርህ» አሉኝ። ሙሴ ግሮዣን ያዘኑለትን ሰው ሁሉ ስለማውቀው፣ ጥቂቶቹንም ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣ ተሸክሜ ስለ ሸኘኋቸው፣ ሐዘናቸው ወደ አጥንቴ ገባ። ቀስ ብዬ ነውና የማነበው ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላጥናው ብዬ ለመንሁ። ፈቀዱልኝ፤ የራስዎን ብዕርም ጨምረው አዋሱኝ። እነሆ ሦስት ቀን ሙሉ አጠናሁት።

በሰባት ቁጥር ማሽን ራስጌ ላይ፣ ክብርነትዎ ከጃፓን ተምረው ያሠሩት ሰሌዳ እስካሁን ተሰቅሏል። «አምስት ጊዜ ‹ለምን?› ብለህ ሳትጠይቅ ጥፋቱን አገኘሁት አትበል» ይላል። የእርስዎ ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ደክሞታል። የሥራ ብዛት መሆኑን እረዳለሁ። እኔ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ስለ ሆንሁ የጎደሉትን ልሙላልዎ።

አንደኛ፤ የአቢሊዮ ሴሻስ ቀኝ እጅ ለምን አራት ጣት አጣ? እጁ ስለ ገባ። ይህን እርስዎ በሚገባ መልሰውታልና የምጨምረው የለኝም። ቢላዋው ለምን ቆረጠ ተብሎ ቢጠየቅ ሥጋው ስለ ቀረበለት ነው እንደ ማለት የጠራ መልስ ነው።

ሁለተኛ፤ እጃቸውን ለምን አስገቡ? የተጣመመ ሐዲድ በማሽኑ አፍ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። አጎት አቢሊዮ ገመዷን ሁለት ጊዜ ጎተቱ። የመጣ ሰው የለም። ሙሴ ግሮዣን በመስታወት ክፍላቸው ሆነው የእጅ ሰዓታቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ይህ ምልክት በእኛ ክፍል «ቀጥል» ማለት ነው። አጎት አቢሊዮም የመከላከያውን ፍርግርግ ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ። ፍርግርጉ ሲከፈት ማሽኑ በዚያው ቅጽበት መቆም ይገባው ነበር። ያ ፍርግርግ ግን ማሽኑን የሚያቆመው ዘግይቶ ነው።

መዘግየቱ ምሥጢር እንዳልነበረ ለማስታወስ ወደ ኖቬምበር ልመልስዎ። ክብርነትዎ በጃፓን ዘጠኝ ቀን ሰንብተው በተመለሱ ማግስት በምግብ አዳራሹ ሰብስበው፣ «በእኛ አገር አለቃው ያስባል፣ ሠራተኛው ይሠራል፤ ጃፓኖች የሚበልጡን በማሽን ሳይሆን በዚህ ነው፤ እዚያ ማሽኑን ያሻሽለው ዘንድ የሚጠየቀው ማሽኑን የያዘው ሰው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ታስባላችሁ» ብለው ነበር። አጎት አቢሊዮ ያን ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሰማህ ዴልፊም፣ ማሰብ ተፈቀደልን፤ መቼስ በምሳ ሰዓታችን ይሆናላ» አሉኝ።

ከዚያ ሙሴ ኩራሞቺ መጡ፤ ሦስት ሳምንት እንዲያስተምሩን ያስመጧቸው፣ ግራጫ የሥራ ልብስ የማያወልቁ፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር እንኳ የማይስቁ ሽማግሌ። በሰባት ቁጥር ማሽን ፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ አሰመሩና ክብርነትዎን በውስጡ እንዲቆሙ ለመኑ። «ምን እንድመለከት ነው?» ብለው ጠየቁ። «እስኪታይዎት ይቁሙ» ተባሉ። እርስዎም ዐሥራ አንድ ደቂቃ በታላቅ ትዕግሥት ቆመው፣ ስልክ ተጠራሁ ብለው ሄዱ። የስልኩን ድምፅ ከእኛ ወገን የሰማ አልነበረም፤ ምናልባት ለባለሥልጣን ጆሮ ብቻ የሚጮኽ ስልክ ይኖራል። ሙሴ ኩራሞቺ ራሳቸው ክቡ ውስጥ ገብተው እስከ ፈረቃው ማብቂያ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ሲወጡ የተናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ ፍርግርጉ በዐይን ጥቅሻ ያህል ይዘገያል፤ ማሽኑ ሁለት ቀን ቆሞ ይጠገን፤ እስኪጠገን ድረስ ከራሱ በላይ ገመድ ይሰቀል። ክብርነትዎ ገመዱን ብቻ አሰቀሉ። ለጥገናው ሁለት ቀን አልተገኘም፤ ትእዛዝ ተደራርቧል፣ ማሽኑ ሊቆም አይችልም ተባለ። ዛሬ ማሽኑ ታሽጎ ከቆመ ሃያ ቀኑ ነው። ሁለት ቀን የጠፋበት ቤት ሃያ ቀን ከየት እንዳገኘ ቢያስረዱኝ የማባዛት ሠንጠረዤን በአዲስ መልክ እማር ነበር።

ሙሴ ኩራሞቺ መልአክ ነበሩ ብዬ እንዳላታልልዎ። ወንበሮቻችንን የለቀሙት እሳቸው ናቸው፤ መቀመጥ ብክነት ነው ብለው። «በእኛ ዘንድ ሰው እስከ ጡረታው ቆሞ ይሠራል» ሲሉ አጎት አቢሊዮ «ሲቀበርስ ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁ፤ አስተርጓሚው ሳይተረጉመው ቀረ። ከማሽን ወደ መጸዳጃ ቤት የምንራመደውን እርምጃ በሰዓት ለክተው ሁለት ሰው ብክነት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም። ነገር ግን እኚያው ሰውዬ ገመዱን ለሚጎትት ሠራተኛ በምስጋና ይሰግዱ ነበር። እሳቸው በሄዱ ጊዜ ክብርነትዎ ስግደቱን ከእንግዳው ጋር አሳፍረው ወንበር መንሳቱን እዚህ አስቀሩት፤ ከገዛ አገርዎ ልማድም ሠራተኛ ሲበደል ሥራ አቁሞ የሚያኮርፍበትን ነፃነት ትተው የአለቃውን ፉጨትና ቁጣ አቆዩት። ከሁለት ዓለም ጭካኔውን ብቻ መርጦ ማጋባት ለማንም የሚሆን ጥበብ አይደለም። ለግማሽ አውሮፓ የመኪና ወንበር ሐዲድ እየሠራን እኛ የምናርፍበት ሣጥን እንኳ የለንም።

ስለ መሣሪያ ግድግዳውም ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ከጃፓን በቀሰሙት ጥበብ የየመፍቻውና የየመዶሻው ቅርጽ በግድግዳው ላይ በቀለም ተሥሏል፤ ዕቃው ከቦታው ቢጠፋ ባዶው ቅርጽ ወዲያው ይጮኻል። በሳምንት አንዲት ካቻቪቴ ብትጠፋ ፍለጋው ሦስት ሰው ያሰማራል። የአጎት አቢሊዮን እጅ ቅርጽ ከመዶሻው አጠገብ አለማሣልዎ ነው ስሕተቱ፤ ቢሣል ኖሮ አራት ነገር መጉደሉ እስከ ዛሬ ይታይዎት ነበር።

ሦስተኛ፤ ገመዷ ሁለት ጊዜ ስትጎተት ለምን ሰው አልመጣም?

በተሰቀለች ሰሞን ትሠራ ነበር። ስትጎተት ደወል ይደውላል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለቃ ካልደረሰ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ሙሴ ኩራሞቺ ደወል በሰሙ ቁጥር ሳይቸኩሉ እየተራመዱ ይመጡና ለጎተተው ሰው ጎንበስ ብለው ካመሰገኑ በኋላ «ለምን?» ይላሉ። አጎት አቢሊዮ በመጀመሪያው ቀን ሲሰገድላቸው ዞር ብለው ከኋላቸው የቆመ ባለሥልጣን ፈለጉ። ከዚያ፣ «ሃያ አንድ ዓመት ስሠራ የሚያመሰግነኝ ሰው ከዓለም ዳርቻ መጣ። ለዴኦሊንዳ ብነግራት ጠጥተህ ነው ትለኛለች» ብለው ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ። በወጣትነታቸው የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ስለ ነበሩ ገመድ ያውቃሉ። «ደወል ያላት ገመድ ስትጎትታት መልሳ ትጎትትሃለች፤ ዓሣ እንደ ያዘ መንጠቆ ናት» ይሉኝ ነበር። ይህችን ቃል እባክዎ በልብዎ ያኑሩልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሙሴ ኩራሞቺ በሄዱ ማግስት ደወሉ ሲጮኽ የሚመጡት ሙሴ ግሮዣን ሆኑ፤ እየሮጡ ነበር የሚመጡት፤ ገና ከሩቅ ሳሉ ግን «ማነው? ማነው የጎተተው?» ይሉ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ በልብስ መቀየሪያው በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ፤ ማን ስንት ጊዜ መስመሩን እንዳስቆመ በቀይ ተጽፎበታል። አጎት አቢሊዮ ዘጠኝ ጊዜ ጎትተው አንደኛ ወጡ፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ስለዚያው ፍርግርግ ነበር። «በዕድሜዬ አንደኛ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እሳቸውም ሌሎቹም ገመዷን አልነኳትም፤ የተቀረቀረውን ሁሉ በእጃቸው ያወጡ ጀመር።

የገና በዓል ሲቃረብ በጥገና ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንዲት የሥራ ትእዛዝ ተሰቀለች። «የሰባት ቁጥር ገመድ ከደወሉ ይፈታ፤ ለጎብኚዎች እንዲታይ ግን እንደ ተሰቀለ ይቆይ» ትላለች። ትእዛዙን የፈጸመውን እጅ አልጠይቅም። ከሥሩ ያለው ፊርማ የክብርነትዎ መሆኑን ግን ኋላ ላይ አይቻለሁ፤ ያማረ ፊርማ ነው፤ በመጨረሻዋ ፊደል ላይ እንደ ቋጠሮ ይጠመዘዛል።

በጃንዋሪ ደወሉ አንድም ቀን አልጮኸም። ሙሴ ኩራሞቺ «ገመዷ ዝም ያለችበት ቀን ፋብሪካው ታሟል ማለት ነው» ብለውን ሄደው ነበር፤ ክብርነትዎ ግን የሬሳን ዝምታ ከጤና ቆጥረው «ዜሮ ደወል» ብለው ድግስ አደረጉልን። እንደ አገሩ ልማድ ባቄላ የተደበቀበት የጃንዋሪ ኬክ ተቆረሰ፤ ያገኘውን ሰው የሚያነግሠው ባቄላም ለአጎት አቢሊዮ ደረሰ። የወረቀቱን ዘውድ በገዛ እጅዎ ደፍተውላቸው «የዜሮ ንጉሥ!» ብለው አጨበጨቡ፤ አብረውም ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶግራፉ ዛሬም በጥራት ሰሌዳው ላይ አለ። ንጉሡ ኬካቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ይስቃሉ። አምስቱም ጣት በደንብ ይታያል።

አራተኛ፤ አጎት አቢሊዮ ገመዷ መሞቷን ለምን አላወቁም?

እኔ ስላልነገርኋቸው ነው።

ጃንዋሪ 10 ቀን ሰንሰለቱን ለመቀባት ጣሪያ ሥር ወጥቼ የቢጫዋን ገመድ ጫፍ በብረት ሜንጦ ላይ በድርብ ቋጠሮ ታስራ አየኋት። ደወሉ ከእርሷ ሁለት ክንድ ርቆ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ወረድሁ። እጄን ታጠብሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ስድስት ሳምንት ሙሉ በሥሯ እያለፍሁ «እንደምን አደሩ አጎት አቢሊዮ» አልሁ፤ እሳቸውም «እንደ ንጉሥ» እያሉ መለሱልኝ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በጥፋተኞች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢፈለግ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ ወንበር የሚገኝ ከሆነ።

ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ዴኦሊንዳ ሾርባ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ቀለዱ፤ «ከእንግዲህ ቁልፍ የሌለው ልብስ ግዙልኝ፤ እንደ ጳጳስ በላይ የሚጠለቅ» አሉ። ዴኦሊንዳ ሳህኑን ለማጠብ ሲወጡ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ጎትቼ ነበር አይደል? ሁለቴ የጎተትኩ ነው የሚመስለኝ። ሙሴ ግሮዣን መጥተው አልጎተትክም፣ ደወል አልተሰማም አሉኝ። እንጃ። ገመዷ በእጄ ላይ ድርቅ አለችብኝ፤ ግንብ ላይ እንደ ታሰረች። መልሳ አልጎተተችኝም። የሚያውቅ እጄ ነበር፤ አሁን እሱን የት ሄጄ ልጠይቀው?»

ክቡር ሆይ፣ ገመዷ መሞቷን በመጨረሻ የመሰከረችው ያች የደወል ደዋይ እጅ ነበረች፤ ምስክሯንም ማሽኑ በላት። እርስዎ የቀረውን ሰው ደግሞ ትዝታውን ሊያስክዱት ሙሴ ግሮዣንን ላኩበት። እኔም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ወለሉን አየሁ፤ «ጎትተዋል» ለማለት እንኳ በዚያን ቀን ድምፅ አላወጣሁም።

አምስተኛ፤ ለምን ዝም አልሁ?

ፈርቼ ነው። «ገመዷ ታስራለች» ብል፣ «ለምን ታሰረች?» የሚል ጆሮ በፋብሪካዎ አልነበረም፤ «ማነው ያለው?» የሚል አፍ ግን በየመስታወቱ ኋላ ነበር። ስሜ ከቀዩ ዝርዝር፣ ዝርዝሩ ከጁን፣ ጁን ከባቡር ጣቢያው ጋር ተሰናስለው ታዩኝ። ክብርነትዎ ዘጠኝ ቀን ተጉዘው ገመዱን፣ ሰሌዳውን፣ ጠመኔውን፣ ጠዋት ጠዋት እጅ እያወናጨፉ የሚሠሩትን ስፖርትና ካይዘን የሚለውን ስም ሳይቀር ይዘው መጥተዋል። የረሱት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ለምን»። ትንሽ ዕቃ ናትና ከሻንጣ ብትወድቅ አይፈረድብዎትም። በምትኳም የአገርዎን አሮጌ ቃል «ማን»ን አዲስ ልብስ አልብሰው ሰቀሏት። በዚያ አገር ገመድ የማይጎትት ሠራተኛ ይወቀሳል፤ በዚህ አገር የሚጎትት ይወቀሳል፤ ገመዱ ግን አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ሊቃውንቱ በሁለቱ የአሠራር ዘዴዎች ልዩነት ላይ ወፍራም መጽሐፍ እንደሚጽፉ ሰምቻለሁ። ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አራት ጣት ያህላል።

እንግዲህ አምስቱ ተሞልተዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ማሽኑንም የራስዎን ፊርማም ፈርተው እጁን ሊቀጡ የተነሡበትን ወረቀትዎን ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ለስሜ የተተወችው መስመር እንደ ነበረች ናት። ስለ ሐሙሱ ጉባኤ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። የአስተያየት ሣጥኑም ይምጣ። ጎብኚዎች ሲመጡ እንዲያብረቀርቅ ቁልፉን ግራሶ እንድቀባ ታዝዤ ሳየው፣ መክፈቻ ገብቶበት የማያውቅ ድንግል ነበር። በውስጡ አጎት አቢሊዮ ስለ ፍርግርጉ ያስገቧቸው ሦስት ወረቀቶች አሉ። ሦስቱንም የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉም «ክቡር ሆይ» ብለው ይጀምራሉ። በደብዳቤ ደንብ በኩል እንኳ እንዳይነቅፉን ተጠንቅቀን ነበር።

መምህራችን ለባለሥልጣን የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ «ለአገር በጎነት» ብሎ እንዲዘጋ ያስገድዱን ነበር። የማን አገር እንደ ሆነ ጠይቄ ተገርፌበታለሁ፤ ዛሬም እርግጠኛ ስላልሆንሁ ሌላ ላብጅ። ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ጣቶችዎ እንዲቆጠሩልዎ፣ የሚጎትቱት ገመድ ሁሉ መልሶ እንዲጎትትዎ እየተመኘሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በትዕግሥት የጠበቁትን ፊርማዬን እነሆ አኖራለሁ። ብዕርዎንም በአክብሮት መልሻለሁ። ቀለሙ በማለቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አራት መስመር ተብሎ የተሰጠኝ ነገር ረዘመብኝ።

እስከ ጁን ድረስ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ዴልፊም ሞቲኞ
ግራሶ ቀቢ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን ገመዷ ሁለት ጊዜ ስትጎተት በዐይኑ ያየ

ግልባጭ፡-
ለከተማው ጋዜጣ
ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዋ ለማዳም ፔሽላር
ለሙሴ ኩራሞቺ፤ የጃፓን አድራሻቸውን ስለማላውቅ ቅጂያቸው በጠመኔው ክብ ውስጥ ተቀምጧል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ካነበቡ በኋላ ገመዷን ፈትቶ ከደወሉ ጋር የሚያጋጥም ሰው በመሰላል ለመላክ እንዳይደክሙ። በአደጋው ማግስት ገመዷን ከታች ሆነው ብቻ እንዲያዩ ያስጎበኟቸው ማዳም ፔሽላር ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሳይጠበቁ ተመልሰው መጥተው ነበር። ራሳቸው እስከ ጣሪያው ወጥተው ቋጠሮውን ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ የጥገና ክፍሉን ግድግዳም እንዲሁ። መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። መሰላሉ ተነቃነቀና ከላይ ሆነው «ማነው እታች የያዘው?» አሉ። «ዴልፊም ሞቲኞ ነኝ፣ ማዳም» አልሁ። «በል ዴልፊም፣ አጥብቀህ ያዝልኝ፤ ሁለት ፎቶ ይቀረኛል» አሉኝ። በፋብሪካዎ ውስጥ «ማነው?» ተብዬ ስሜን ጮክ ብዬ የተናገርሁት ያን ቀን ብቻ ነው።